መርማሪ እንዴታና የጠፋው ሦስተኛ ፎቅ

ጥር 20 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ከባድ ኀዘን እየተሰማኝ የሚከተለውን አስታውቅሻለሁ። ትናንት እሑድ በተላለፈው የድራማችን ዘጠነኛ ክፍል፣ መርማሪ እንዴታ ጃንጥላውን በግራ እጁ ይዞ ደረጃውን ከወጣ በኋላ፣ በሩን ሲያልፍ በቀኝ እጁ ይዞት ተገኝቷል። በመካከሉ እጅ ሲለውጥ ያየው የለም። በአደጋው የሞተ ሰው የለም፤ የኔ ስም ብቻ ክፉኛ ቆስሏል።

እንዴት ከርመሻል፣ እታለም? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከዚያ ጃንጥላ በቀር ደህና ነኝ።

ጎረቤቶችሽ «ወንድሜ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው ትያለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አላየነውም» እያሉ ስላስቸገሩሽ ጉዳይ፣ ይህን ንገሪልኝ፦ የኔ ሥራ ብቅ አለማለት ነው። ሰውዬው ሰኞ ደረጃ ሲወጣ ይቀረጻል፤ በሩን የሚያልፈው ሐሙስ ነው። ተመልካቹ ግን የሚያየው አንድ እርምጃ ነው። እኔ ሰኞና ሐሙስ መካከል ደብተር ይዤ የምቆም ሰው ነኝ። ብርጭቆው እስከ የት ሞልቶ ነበር፣ የትኛው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር፣ ጃንጥላው በየትኛው እጅ ነበር፤ ሁሉም በኔ ደብተር ላይ ነው ያለው። ስሜን እዚህ የሚያስታውሰው የለም፤ «አቶ ትናንት» ነው የሚሉኝ። አዘጋጁ፣ ያ «ድገም!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያወጣ አለቃ ድገም ያልነው ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «አቶ ትናንት፣ ትናንት የት ነበርክ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የኔው ግን ጥርስ ብቻ ነበር፤ የሥራ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በእጄ ይዤ ነበርና።

ሳትይዢኝ በፊት ራሴው ልናዘዝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ልብስ ሰፊ ከሆነች እህት ምን ያመልጣል? በአራተኛው ክፍል የሕንፃው ባለቤት ሻርፕ ቋጠሮው ከግራ ወደ ቀኝ መዞሩን ደርሰሽበታል። በስድስተኛው የበሩ ምንጣፍ መገልበጡን። በስምንተኛው የመርማሪው እጅጌ ኮሪደር ላይ ተተኩሶ ክፍል ውስጥ መጨማደዱን። እነዚህን አለቃ ድገምም አላያቸውም፣ ደራሲውም አላያቸውም።

እጄን ሰጥቻለሁ። ፍርድሽን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥር 20 ቀን

ለወንድሜ፣ ለሆዴ፣

እንኳን ደስ ያለህ! ዘጠነኛውን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። እንከን የለሽ ነው። አንዲት የዞረች ክር አላገኘሁበትም። በዚሁ ከቀጠልክ እኔ ሥራ ልፈታ ነው።

ጎረቤቴ ባለ መድኃኒት ቤቷ አብራኝ ነው የምታየው፤ ማየት ካልነው። ስታጉረመርም ነው የምታመሸው። «አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ አንድ ማለዳ ሦስተኛው ጠፋ ይባላል እንዴ? ሰው ከሁለተኛው ተነስቶ አራተኛው ላይ ይደርሳል?» ትለኛለች። «እንዴታ!» አልኳት እንደ መርማሪው። «ይኼስ ሰውዬ፣ ውጭ ሲዘንብ ጃንጥላውን አጥፎ ቤት ሲገባ የሚዘረጋው ጤነኛ ነው?» «እንዴታ!» «በር ሳያንኳኳ በሩን ይቅርታ የሚጠይቀው? ምስክር ነው ብሎ ወንበር የሚመረምረው?» «እንዴታ! እንዴታ!» ትታኝ ሄደች። ማስረጃውን ሸሚዙ እጅጌ ላይ መጻፉና ልብስ አጣቢዋ በየሳምንቱ ማስረጃ አጥባ ማስጣቷ ግን እሷንም አስቋታል።

እኔን የሚያሳዝኑኝ የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው። ቁልፋቸውን ይዘው በሩን ያጡ ሰዎች። ያንን ፎቅ ማን እንደወሰደው ሳላውቅ መቃብር አልወርድም።

ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ለጠየቅኸኝ፣ ለሌላ ሰፊ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። እጄን ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው። ፊደሌ ከፍ ከፍ ያለው ደግሞ አዲስ ብዕር ስለያዝኩ ነው።

ከዓይን ያውጣህ።

እህትህ

የካቲት 1 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። እኔ ወንጀሌን አምኜ ስጽፍ፣ አንቺ በዚያው ቀን በነፃ አሰናብተሽኛል። ሌላ ተከሳሽ ቢሆን አመስግኖ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ከመርማሪ እንዴታ ጋር ሰባት ወር ስለዋልኩ ጠባዩ ተጋብቶብኛል፤ ወንበሬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መረመርኩት።

«ጃንጥላው ቀይ ነው፤ የተዘረጋ ነው፤ ግማሽ ስክሪን ይሸፍናል። ከሻርፕ ቋጠሮ ጋር የምትጣላ ሴት ይኼ እንዴት ያመልጣታል?» አልኩት። ዝም አለ። «አዲስ ብዕር የያዘ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ስምንት መስመር ብቻ ይጽፋል? አንዳንዷ ፊደልማ ጡብ ታክላለች።» ዝም አለ። «ልጅ ሳለሁ በወባ ተይዛ እንኳ የሙሽራ ቀሚስ ለሌላ ሰፊ ያልሰጠች ሴት፣ ዛሬ ስለ እጇ ድካም ትጽፋለች?» ይኼኔ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«እንከን የለሽ» ያልሽው ነገር ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ እታለም። አላየሽውም። ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም አይቶሻል? ቀጥታውን ጻፊልኝ። ልትቆጪኝም ከፈለግሽ ተቆጪ፤ ግን ባጭሩ፤ በዚህ አጻጻፍሽ ቁጣሽን የሚችል ወረቀት አይገኝም።

ወንድምሽ

የካቲት 9 ቀን

አንተ ልጅ፣

ዓይንህ ለአፈር! ያሳደግሁት ልጅ በወንበር ያስመሰክርብኝ?

እሺ። ጃንጥላውን አላየሁትም። ቀይ ነበር እንዴ? እኔማ መርማሪው ፀሐይ ተሸክሞ ሲመላለስ ነበር የታየኝ፤ የድራማው ነገር ስለሆነ አልገረመኝም።

ሞራ ነው ይላሉ። የግራው ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ የቀኙ ከጥር አጋማሽ ወዲህ እንፋሎት የለበሰ መስተዋት ሆኗል። የሚያየኝ ሐኪም ጢሙ ገና ፈቃድ የሚጠብቅ ወጣት ነው። «የቀኙ ሞራ ጠንቷል። የዓይንዎ ግፊትም እየጨመረ ነው። መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ነርቩ ተጎድቶ ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል» አለኝ። «መጋቢት አይመቸኝም» አልኩት። «ምን አለብዎት?» «ሦስተኛውን ፎቅ ማን እንደወሰደው የሚታወቀው ግንቦት አራት ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ያኔ ነው።» እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ሲወድቅ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም።

አትሳቅ። እውነቱን ልንገርህ፤ ለማንም ግን እንዳታወራ። በዚህ እንፋሎት ውስጥም ቢሆን እየዳበስኩ መርፌ ላይ ክር አገባለሁ። ነካክተውት ይህችም ብትጠፋስ? ከዐሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ይኼ ነው። ቀዳዳ የሌለው መርፌ መርፌ አይባልም፤ ሽቦ ነው። እኔ ሽቦ ሆኜ ጥግ መቀመጥ አልችልበትም።

ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል ላይና፣ ላዳምጥና፣ በማግስቱ እገባለሁ። መታወሬ ካልቀረ ቢያንስ አንድ ነገር አውቄ ልታወር።

የሥራህ ማስጠንቀቂያ ምን ላይ ደረሰ? እሱን ነበር መጻፍ የነበረብህ።

እህትህ

የካቲት 18 ቀን

እታለም፣

ማስጠንቀቂያው ተነስቷል። አለቃ ድገም ጃንጥላውን ሆን ብለን ያደረግነው አስመስሎ ለጋዜጠኛ አውርቶ፣ አሁን በራሱ ጥበብ እየተደነቀ ነው። እሱን ተይው።

ትምህርት ቤት ስገባ የሰፋሽልኝን ሱሪ ታስታውሻለሽ? ስድስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈሽበት ነበር። በየዓመቱ አንድ ጣት ትለቂልኝና የት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትጽፊ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ሱሪ ለበስኩ፤ ስድስቱንም ዓመት አዲስ ይመስል ነበር። ትናንትን ከዛሬ ጋር ማገጣጠም ያስተማረኝ ማን ነው ይመስልሻል? ይህንን ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ እኔ ባንቺ ግድግዳ ላይ ነው የተማርኩት። ያ ዓይንሽ የተበላው በኔ ጠርዝ ላይ ነው። አመስግኜሽ አላውቅም። እነሆ፣ አሁን አመሰገንኩሽ።

አሁን ወደ ወንጀሉ። የድራማውን መጨረሻ ያወራ ሠራተኛ ወዲያው እንደሚሰናበት ሁላችንም ፈርመናል። ፊርማዬን ትቼ ልነግርሽ ቆርጬ ተነሳሁ። ችግሩ፣ የምነግርሽ ነገር የለኝም። ስለዚህ ደራሲው ክፍል ገባሁ። መጨረሻውን ጻፍ ሲሉት ጥርሱን ስለሚያመው ጉንጩን አስሮ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ፎቅ ማን ወሰደው?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለእህቴ ዓይን።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ማሰሪያውን ከጉንጩ ፈታ። «ፎቁን የሰረቅሁት እኔ ነኝ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «የት እንዳስቀመጥኩት ግን ጠፋኝ። አራት ክፍል ቀርቶኛል፤ አንድ መስመር እንኳ የለኝም። ለእህትህ ይቅርታ በልልኝ።»

ልዋሽሽም አስቤ ነበር። «የሕንፃው ባለቤት ናት» ብዬ ልጽፍልሽ። ከልቤ ነው የምልሽ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ወረቀቱን ጀምሬ ነበር። (መሐላውን ይቅር በይኝ፤ ዛሬ የሚማልበት አልነበረም።) ግን አንቺን መዋሸት አልሆነልኝም።

ስለዚህ ባዶ እጄን ነው የምለምንሽ። መጨረሻውን ሳታውቂ ግቢ። ስለኔ ብለሽ ግቢ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወንድምሽ

የካቲት 27 ቀን

ይህን የጻፍኩት ጎረቤቷ ባለ መድኃኒት ቤቷ ነኝ። ቃሉ የሷ ነው፤ ስትናገር እየሰማሁ ነው የምጽፈው። በቅንፍ ያለው ግን የኔ ነው፤ እሷ አታውቅም።

ለወንድሜ፣

ምስጋናህ ደርሶኛል። ቀነስ አድርገው፤ ሲበዛ የቀብር ንግግር ይመስላል። (ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። ሁለቱንም ጊዜ አልቅሳለች።) ይህችን ሴት ያላልኩትን እንዳትጽፍ አስጠንቅቄያታለሁ። (አልጻፍኩም።)

አሁን በደንብ ስማኝ፤ ትልቅ ነገር ልነግርህ ነው። ባለፈው እሑድ ዐሥራ አራተኛው ክፍል ሲተላለፍ ከስክሪኑ ላይ ጭጋግ እንጂ ሌላ አልታይ ቢለኝ፣ ፊቴን አዙሬ ጆሮዬን ሰጠሁት። መርማሪው ከምድር ተነስቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ጫማው ተረከዙ ላይ ብረት አለው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ስፌት ስቆጥር የኖርኩ ነኝ፤ ሳላስበው ቆጠርኩት። ከምድር እስከ አንደኛ ፎቅ ዐሥራ ስድስት ደረጃ። ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ዐሥራ ስድስት። ከሁለተኛ እስከ አራተኛስ?

(ሠላሳ ሁለት። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ «አትናገሪ፣ ቁጠሪ» ብላ እጄን ጨብጣኝ ቆጥሬያለሁ።)

ገባህ? ፎቁ ከጠፋ ደረጃውስ ለምን አብሮ አልጠፋም? ማንም አልወሰደውም፣ ወንድሜ። ሦስተኛው ፎቅ እዚያው ቦታው ላይ ነው። በየቀኑ በበሩ በኩል ያልፋሉ፤ ግድግዳ ነው ብለው ስላመኑ ዞር ብለው አያዩም። እግራቸው ያውቀዋል። ዓይናቸው ነው የረሳው። ያንን ሁሉ ወንበር ከሚመረምር፣ መርማሪው አንድ ጊዜ የራሱን ጫማ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር።

ለደራሲህ ንገረው። «ጥርስህን ይማርልህ» በልልኝ።

(ሐኪሙ ትናንት መድኃኒት ቤቴ ድረስ መጥቶ «ሴትዮዋ ሐሳባቸውን ለወጡ?» አለኝ። አልለወጠችም። ዐሥራ አምስት ቀን ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ስገባ የዓይን ጠብታውን ትታ የስፌት መኪናዋን ዘይት አንስታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ አገኘኋት። እጇን ይዤ አስጣልኳት። አልነገርኳትም፤ «ጠብታው ጊዜው አልፏል» ብዬ ነው የወሰድኩት። አንድ ነገር አድርግ።)

ምንድን ነው ይህን ያህል የምትጽፊው? ይህን ያህል አልተናገርኩም። (ሰላምታ እያበዛሁልሽ ነው አልኳት።)

እህትህ

መጋቢት 4 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስብሰባ ላይ ነበርን። ስለ መጨረሻው ክፍል ስምንተኛው ስብሰባችን ነበር። ቆሜ ከ«አሁን በደንብ ስማኝ» ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። በቅንፍ ያለው ጋ ስደርስ ዝም አልኩ፤ እሱን ለብቻዬ ነው ያነበብኩት። ስለ እሱ ለጸሐፊሽ የማደርሰው ምስጋና አለኝ፤ እሷ ታውቀዋለች፤ አንቺ አትጠይቂ።

 አንብቤ ስጨርስ ሁላችንም ወንበራችንን ገልብጠን ወደ ደረጃው ሮጥን። ደራሲው ፊት፣ አለቃ ድገም ኋላ። ቆጠርን። ሠላሳ ሁለት። «ድገም!» አለ። ወርደን ቆጠርን። ሠላሳ ሁለት። በአራተኛው «ድገም!» ላይ እሱ ራሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንቀርጸው እውነተኛ ሕንፃ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቁም እውነተኛ ነው። በሩን በቀለም በተቀባ ኮምፖንሳቶ ሸፍነን ግድግዳ አድርገነዋል። ጽሑፉ ላይ መርማሪው በሊፍት ይወጣል ይላል፤ ተዋናዩ ግን ሊፍት ይፈራል፤ ስለዚህ በእግሩ ይወጣል። ምስሉን ቆራርጠን አሳጠርነው። ድምፅ ቀጂያችን ግን የዚያ ጫማ ድምፅ ስለሚጥመው አንዲት እርምጃ አላስነካም። እኔ ደብተሬ ላይ የማሰፍረው የሚታየውን ነው። የሚሰማውን የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ከሦስት ወር በላይ በአደባባይ የቆመውን ስሕተት ያየው የለም፤ የሰማችው አንድ ሴት ናት።

ኮምፖንሳቶውን ሲያነሱት ከኋላው አንድ የጥርስ ሐኪም ወጡ። በጓሮ ደረጃ እየገቡ «ሕመምተኛው ሁሉ ምን ነካው?» ሲሉ መክረማቸውን ነገሩን። ደራሲው እዚያው ጥርሱን አስነቀለ። ሲወጣ በሸሚዙ እጅጌ ላይ የመጨረሻዎቹን አራት ክፍሎች ጽፏል። አፉ በጥጥ ተሞልቶ ሲስቅ ሰው አይተሽ አታውቂም።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን ወረቀት ጎረቤትሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ፦

«ውሳኔ። ልብስ ሰፊዋ የድራማውን መጨረሻ ከደራሲው ቀድመው ያወቁ በመሆናቸው፣ እስከ ግንቦት አራት የሚጠብቁበት ምክንያት አልተገኘም። ስለሆነም መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል እንዲገቡ ተወስኗል። ይግባኝ የለውም።»

ደራሲው ፈርሟል። አለቃ ድገም ሁለት ጊዜ ፈርሟል። ተዋናዩ «እንዴታ!» ብሎ ጽፎበታል። የመጨረሻው ክፍል የሚቀረጸውም በዚያው ቀን ነው፤ ቢሆንም ልምጣ ወይ?

ወንድምሽ

መጋቢት 11 ቀን

(ጸሐፊዋ አሁንም እኔው ነኝ።)

ለወንድሜ፣

ነገ ጠዋት እገባለሁ። ልምጣ ወይ ላልከው፣ አትምጣ። የመጨረሻው ክፍል የሚቀረጸው ነገ መሆኑን ራስህ ጽፈህልኛል። ያንን ደረጃ ማን ይጠብቀዋል? ደግሞስ አንተ ስታለቅስ አፍንጫህ ይቀላል፤ ያንን አይቼ ከሳቅሁ ሐኪሙ እጁ ይስታል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የምገባው በደራሲው ፍርድ እንጂ በአንተ ልመና አይደለም። ሰው ለለመነ ሁሉ ዓይኑን አይሰጥም። ፍርድ ግን ፍርድ ነው፤ ሕግ አክባሪ ሴት ነኝ። (እዚህ ላይ ዝም በይ ተብያለሁ።)

ደራሲውን አመስግንልኝ። ፎቁ የት እንዳለ ጠፍቶበት ሳለ በማንም ድሃ ላይ አላላከከም። ድምፅ ቀጂውን አመስግንልኝ፤ አንዲት እርምጃ ሳይሰርቅ ሙሉውን ሰጥቶኛል። የጥርስ ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቅልኝ። (ቀጥላ እኔን አመስግና ነበር። ስለራሴ በራሴ እጅ መጻፍ አሳፍሮኝ ዘለልኩት። ረጅም ነበር።)

ነገሩ ካልተሳካ ደግሞ የስፌት መኪናዋን ለማንም እንዳትሰጡብኝ። ሰፍቼባት ባልችል እንኳ መዘውሯን እያዞርኩ ድምፅዋን እሰማለሁ።

ፈርቻለሁ። ይህንን አትጻፊው። (ጻፍኩት።)

እህትህ

መጋቢት 27 ቀን

እታለም፣

ዐሥራ አምስት ቀን ሆነ። የደረሰኝ ከጎረቤትሽ የመጣ አንድ መስመር ነው፦ «ወጥታለች። ዓይኗ ታስሯል፤ አንደበቷ አልታሰረም።» በቀን ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ እንደ መድኃኒት።

ስለ ቀረጻው ልትጠይቂኝ ነው አውቃለሁ። ተሳክቷል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መጋቢት ዐሥራ ሁለት፣ ረፋዱ ላይ፣ አንቺ በገባሽበት ሰዓት፣ መርማሪው የመጨረሻውን ደረጃ ሲወጣ እኔ እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ጃንጥላው «በየትኛው እጅ?» የሚል ቦታ አለ ደብተሬ ላይ። ቀረጻው አልቆ ሳየው «በፈጣሪ እጅ» ብዬ ጽፌበታለሁ። መቼ እንደጻፍኩት አላውቅም። ጃንጥላው በየትኛው እንደነበር ደግሞ ምንም ትዝ አይለኝም።

ደብተሩን ይዤ አለቃ ድገም ዘንድ ሄድኩ። አነበበው። አፉን ከፈተ፤ «ድገም» ሊል ነው ብዬ ራሴን አቀረቀርኩ።

«ይሁን» አለ።

ሌላ ቃል ያውቃል ለካ።

ጻፊልኝ። መስመር የሳተም ቢሆን፣ አንድ ቃል ብቻም ቢሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 5 ቀን

ለወንድሜ፣ ለሆዴ፣

ጽሕፈቱን እየው። የኔ ነው። በአንድ ገጽ ሃያ አራት መስመር፤ ቁጠረው።

እስከ ትናንት ያልጻፍኩት ማንበብም መጻፍም ስለተከለከልኩ ነው። ያ ባለጢሙ ሐኪም መጥቶ «አሁን ይችላሉ» አለኝ። ጢም ያልኩትን አንስቻለሁ፤ አሁን ሳየው ጨርሶ የለውም።

ማሰሪያውን ሲፈቱልኝ ፊት ለፊቴ የቆመችው ባለ መድኃኒት ቤቷ ነበረች። «ይታይሻል?» አለችኝ። «አንቺ ሴት፣ አርጅተሽ የለ እንዴ!» አልኳት። አልተቀየመችም፤ መስተዋት አምጥታ ሰጠችኝ። ከዚያ ሁለታችን ለሩብ ሰዓት ያሰማነው ሳቅ ነው ልቅሶ፣ ነርሷም አልለየችውም።

የግራው ግን ጊዜው አልፎበታል ብለዋል። ብርሃን የለውም፤ አይኖረውምም። ለዚህ እንዳታዝን። አንዱ ይበቃል። ሁለተኛው ለጥቅሻ ነው የሚያስፈልገው፤ በኔ ዕድሜ ደግሞ የሚጠቀስ የለም።

ትናንት ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የጨርቁን ድርና ማግ አየሁት። አንድ በአንድ። ለአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ሁለት ሰዓት ፈጀሁበት፤ መስፋቱ ሳይሆን ማየቱ ነው ያቆየኝ። መስኮት ላይ የነበረውን መጋረጃ ደግሞ አውርጄዋለሁ፤ እንደዚያ ቆሽሾ ሦስት ዓመት ሲሰቀል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ምስጋና መጻፍ አልችልበትም። እኔ እንደምታውቀው ትርፉን ጨርቅ ሁሌም ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋው፤ ከላይ አይታይም። አንተ ግን ልብስ ገልብጠህ ስፌቱን ማየት የለመድክ ልጅ ነህ። ገልብጠህ እየው፤ ሙሉ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በደብተርህ መዝግብልኝ።

እርማት

መጋቢት 11 ቀን በተጻፈው ደብዳቤ፣ «የምገባው በደራሲው ፍርድ እንጂ በአንተ ልመና አይደለም» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። በማስረጃ እንደተረጋገጠው፣ ተገልጋይዋ የካቲት 18 ቀን የተጻፈውን የወንድማቸውን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ አስነብበው የሆስፒታሉን ቅጽ የፈረሙት መጋቢት 7 ቀን ነው፤ ፍርዱ የደረሳቸው መጋቢት 9 ቀን ነው። ስለሆነም ዓረፍተ ነገሩ «የምገባው በአንተ ልመና ነው» ተብሎ እንዲነበብ እየጠየቅን፣ ጸሐፊዋ እውነቱን እያወቁ ዝም ያሉት ታዘው ስለሆነ ከተጠያቂነት ነፃ መሆናቸውን እንገልጻለን።